በጎንደር አሮጌ ቤትን የሠዓሊ ስቱዲዮና የሥዕል ማሳያ ማድረግ፦ ከጣሪያ እስከ መስቀያ

አሮጌ ቤት ለሥዕል ሥራ ሲታደስ ብዙ ጊዜ ገንዘቡ መጀመሪያ የሚወጣው ለቀለምና ለመብራት ነው። ግድግዳው ነጭ ይቀባል፣ አምፖሉ ይደረደራል፣ ለጥምቀት እንግዳ ይደርሳል። ከዚያ ሐምሌ ይመጣና ቀለሙ ከሥሩ ተነፍቶ ይላጣል፣ የሸራው ጀርባ ይሻግታል። በጎንደር አሮጌ ቤቶች ውስጥ ሥዕልን ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው ውኃ ነው። ስለዚህ ሥራው የውኃውን መንገድ ተከትሎ ይሠራል፦ መጀመሪያ ጣሪያ፣ ቀጥሎ የግቢው ውኃ፣ ከዚያ ግድግዳ፣ ከዚያ መስኮት፤ መብራትና መስቀያ መጨረሻ ላይ ይመጣሉ። ይህን ያዛባ ሰው ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

ከመዶሻው በፊት

ቤቱ የማን እንደሆነ በወረቀት አረጋግጡ። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ስላደረገ፣ በጎንደር መሀል ካሉት አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ የቀበሌ ቤት ናቸው፤ ሌሎቹ የግል ይዞታ ወይም የቤተ ክርስቲያን ናቸው። የቀበሌ ቤት ተከራይ ከሆናችሁ ግድግዳ ለመክፈት ቀርቶ የመስኮት ፍሬም ለመቀየርም የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። የቃል ፈቃድ ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይጠፋል። ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይመለከተዋል፤ ያለ ቅድሚያ ፈቃድ ጥገና መጀመር አይቻልም። ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ስለሆነ፣ በግቢው ዙሪያ ያለ ቤት ከውጭ መልኩ ከመነካቱ በፊት የከተማውን የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት ጠይቁ። ለማመልከቻው የቤቱን አራት ገጽታ ፎቶ፣ በእጅ የተሠራ ግን ልኩ የተጻፈበት ንድፍና የሥራ ዝርዝር አያይዙ።

ቀጥሎ ቤቱ ከምን እንደተሠራ እወቁ። በከተማው የሚያጋጥሙት በዋናነት ሦስት ዓይነት ናቸው። አንዱ ቋሚና ማገሩ በጭቃ የተመረገ የእንጨት ቤት ነው። ሁለተኛው በጭቃ የተገነባ የድንጋይ ቤት ነው፤ አንዳንዱ ምድር ቤትና በጣውላ ወለል የተከፈለ ፎቅ አለው። ሦስተኛው በፒያሳ አካባቢ የሚታየው፣ ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. በጣሊያን ጊዜ የተሠራው ሰፊ መስኮት ያለው ቤት ነው። ልስን ሁሉንም ስለሚያመሳስላቸው ከበሩ ጀርባ የእጅ መዳፍ የምታህል ቦታ በቢላዋ ፋቁና ውስጡን እዩ። ከዚህ በታች የሚነገረው በአብዛኛው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ይመለከታል፤ የሚበዙትም የሚጎዱትም እነሱ ናቸው።

ምርመራው በነሐሴ ይሁን

አሮጌ ቤት በየካቲት ሲታይ ጤነኛ ይመስላል። መመርመር ያለበት ዝናቡ ሲከብድ ነው። ዝናብ እየጣለ ውስጥ ቆማችሁ የሚያፈሰውን ቦታ ሁሉ ወለሉ ላይ በጠመኔ ክበቡ፤ ካባራ በኋላ ወጥታችሁ ውኃው በየት እንደሚሄድና የት እንደሚተኛ እዩ። በሠፈሩ የኖሩ እናቶችንም ጠይቁ፦ ጎርፉ በየት በኩል እንደሚመጣ፣ ደፍ አልፎ ገብቶ ያውቅ እንደሆነ። ይህን የሚነግር ሌላ መሣሪያ የለም።

እርጥበቱ ከግድግዳው ውስጥ ይሁን ከክፍሉ አየር ለመለየት 40 በ40 ሳንቲሜትር የሆነ ግልጽ ላስቲክ ግድግዳው ላይ አድርጉና ዙሪያውን በእርጥብ ጭቃ ዝጉት። ከሁለት ቀን በኋላ ጠብታው ከላስቲኩ ጀርባ፣ በግድግዳው በኩል ከታየ፣ ግድግዳው ከመሬት ወይም ከውጭ ውኃ እየጠጣ ነው። በክፍሉ በኩል ከታየ ችግሩ የአየር መታፈን ነው። ዙሪያው የተመረገው ጭቃ ራሱ እርጥበት ስላለው ከጠርዙ አጠገብ ያለውን ጠብታ አትቁጠሩ፤ መሀሉን እዩ።

ስንጥቅ ካለ እየሰፋ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። በድንጋይ ግድግዳ ላይ ስንጥቁን የሚያቋርጥ የጄሶ ማኅተም ለጥፉ፦ ርዝመቱ 10፣ ወርዱ 4 ሳንቲሜትር፣ ውፍረቱ 5 ሚሊሜትር፤ ቀኑንም ጻፉበት። ጄሶው በድንጋዩ ላይ መያዝ አለበት፤ ቀለም ላይ ከተለጠፈ አብሮ ይላጥና ያሳስታል። ጭቃ ግድግዳ ጄሶ ስለማይዝ በስንጥቁ ግራና ቀኝ ሚስማር ምቱና በመካከላቸው ያለውን ርቀት በሚሊሜትር መዝግቡ። ከነሐሴ እስከ ኅዳር ማኅተሙ ካልተሰነጠቀ ወይም ርቀቱ ካልተለወጠ ስንጥቁ የቆየ ነው፤ ሞልታችሁ ማለፍ ትችላላችሁ። ከተለወጠ መሐንዲስ ሳያየው ምንም አትጀምሩ።

ጣሪያና የግቢ ውኃ

የጣሪያ ሥራ ከመስከረም መጨረሻ በኋላ ይጀመራል። የድሮ ቆርቆሮ ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው ዝጎ ስለተበሳ ሳይሆን ሚስማሩ ስለላላ ነው፤ ቆርቆሮው በቀን እየሞቀ፣ በሌሊት እየቀዘቀዘ ሲሳብና ሲሰበሰብ ሚስማሩን ቀስ በቀስ ወደ ላይ ያወጣዋል። የላላውን ነቅላችሁ ጎማ ባለው የጣሪያ ሚስማር ተኩ፤ ሚስማሩ የሚመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንጂ ውኃ በሚሄድበት ሸለቆ ላይ አይደለም። ከላይና ከታች ያሉ ቆርቆሮዎች ቢያንስ 15 ሳንቲሜትር ይደራረቡ። ክፈፉ፣ ማለትም የጣሪያው ጠርዝ፣ ከግድግዳው 60 ሳንቲሜትር ይውጣ፤ የብዙ አሮጌ ቤት ክፈፍ ከ30 አይበልጥም፣ የግድግዳው የታችኛው ክፍል የሚበላውም ለዚህ ነው።

አሸንዳ የግድ ነው። 50 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 20 ሚሊሜትር ዝናብ ቢወርድ 1,000 ሊትር ውኃ፣ ማለትም አምስት ትልልቅ በርሜል፣ በአንድ ጊዜ ግድግዳው ሥር ይፈስሳል። አሸንዳው በየሜትሩ ግማሽ ሳንቲሜትር ያዘንብል፤ መውረጃ ቱቦውም ውኃውን ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል አርቆ ይልቀቀው።

ከዚያ አፈሩ። በአሮጌ ሠፈር መንገዱ በየጊዜው እየተደለደለ፣ ኮብልስቶን እየተነጠፈ የውጭው መሬት ከቤቱ ወለል በላይ ይሆናል። የውጭው አፈር ከውስጡ ወለል ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ዝቅ እስኪል ድረስ ጥረጉ። መሠረቱ ድንጋይ በጭቃ ከሆነ ዙሪያውን በአንድ ጊዜ አትክፈቱ፤ በየሁለት ሜትሩ ክፈቱ፣ አስተካክሉ፣ ወደሚቀጥለው እለፉ። የውኃ መውረጃው ቦይ ከግድግዳው 60 ሳንቲሜትር ይራቅ፣ ወርዱ 40፣ ጥልቀቱ 30 ሳንቲሜትር አካባቢ ይሁን፤ ከመሠረቱ ግርጌ ግን በምንም መንገድ አይውረድ። በቦዩና በግድግዳው መካከል ወደ ውጭ ያዘነበለ ድንጋይ አንጥፉ። እዚህ ላይ ብዙ ግንበኞች ግድግዳው ድረስ ኮንክሪት ማፍሰስ ይወዳሉ፤ አትፍቀዱ። ኮንክሪቱ የመሬቱን እርጥበት ከላይ ስለሚዘጋው ውኃው የሚወጣበት አጥቶ ወደ ግድግዳው ይወጣል።

ግድግዳ፦ ሲሚንቶውን ተዉት

ለጭቃ ግድግዳ ጥንካሬ ተብሎ የሚለሰነው ሲሚንቶ በእነዚህ ቤቶች ላይ የሚደርስ ትልቁ በደል ነው። ጭቃ በክረምት እርጥበት ይስባል፣ በበጋ መልሶ ያወጣል፤ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ሲሚንቶ ግን ደረቅ ቅርፊት ነው፣ አብሮት አይንቀሳቀስም። መጀመሪያ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ይታያል። በስንጥቁ የገባው ውኃ ከሲሚንቶው ጀርባ ይጠራቀማል፣ ጭቃው ይላላል፣ ቋሚው ይበሰብሳል፤ ከውጭ ሲታይ ግን ግድግዳው እንደቆመ ነው። በጣት ጉልበት አንኳኩ፦ እንደ ባዶ እንስራ የሚያስተጋባ ከሆነ ከጀርባው ለቋል። የለቀቀው በመሮ በቀላሉ ይነሳል። ከድንጋይ ጋር የተጣበቀውን ግን የድንጋዩን ፊት ይዞ እንዳይመጣ ተዉት።

የምርጊቱ አፈር ቀይ አፈር ይሁን። ዋልካ ብቻውን ሲደርቅ ክፉኛ ይሰነጠቃል። አፈሩን ለመፈተን በጥቂት ውኃ ለውሳችሁ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ጥቅል ሥሩና ከጠረጴዛ ጠርዝ ላይ በዝግታ ወደ ውጭ ግፉት። ከ5 ሳንቲሜትር በፊት ከተቆረጠ አሸዋው በዝቷል፣ አይይዝም። ከ15 ሳንቲሜትር በላይ ሳይቆረጥ ከተንጠለጠለ ሸክላው በዝቷል፣ አሸዋ ጨምሩ። በመካከል ያለው ይሠራል።

መጠኑ እንዲህ ይሰላል። 4 በ5 ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ 2.7 ሜትር የሆነ ክፍል በርና መስኮቱ ሲቀነስ ወደ 42 ካሬ ሜትር ግድግዳ አለው። በ2 ሳንቲሜትር ውፍረት ሲመረግ ወደ 0.85 ሜትር ኩብ ጭቃ ይፈልጋል፤ 60 ሊትር በሚይዝ የእጅ ጋሪ 14 ጋሪ ያህል። ለሦስት ጋሪ አፈር አንድ ጋሪ የተከተፈ የጤፍ ጭድ ጨምሩ። ጭቃው ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ ሁለት ቢሆን ይመረጣል፣ እየተረገጠና ውኃ እየተጨመረበት ይብካ። በደንብ የቦካ ጭቃ ይሸታል፣ ከእጅ ጋር ይጣበቃል፣ ጭዱም ይለሰልሳል፤ ዛሬ ለውሶ ነገ የመረገ ሠራተኛ ስንጥቅ ነው የሚያተርፍላችሁ።

የድሮውን ግድግዳ በመሮ አሻክሩ፣ በውኃ እርጩ፣ ከዚያ የመጀመሪያውን እጅ 12 ሚሊሜትር ያህል ምረጉ። ገና ለስላሳ ሳለ በሹካ ወይም በሚስማር ጫፍ አግድም ጫሩት፤ ሁለተኛው እጅ የሚይዘው በዚያ ነው። የመጀመሪያው ደርቆ የሚሰነጠቀውን ያህል ተሰንጥቆ ሳይጨርስ ሁለተኛው አይመረግ። ሁለቱም ደርቀው ለቀለም እስኪደርሱ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይፈጃል። በኅዳር አጋማሽ የተመረገ ግድግዳ ለጥር 11 በጭንቅ ይደርሳል፤ በታኅሣሥ የተመረገው አይደርስም። በዚያ ጊዜ ግማሹን ክፍል ብቻ ከፍቶ ሌላውን ማቆየት ይሻላል።

ለላዩ ኖራ ተጠቀሙ። ድንጋዩ ኖራ የሚበርደው ወደ ውኃ እየተጨመረ ነው፤ ውኃ በኖራው ላይ ከተደፋ ይፈነዳል፣ ዓይን ያጠፋል። መነጽርና ጓንት ሳያደርግ ማንም አይጠጋ። የበረደው ኖራ ውኃ ከላዩ ሳይጠፋ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይቆይ። ከዚያ ወተት እስኪመስል ድረስ አቅጥናችሁ፣ ግድግዳውን እያረጠባችሁ፣ በቀን አንድ እጅ፣ በአምስት ወይም ስድስት ቀን ቀቡት። እርጥብ ሳለ ግልጽ ነው፤ የሚነጣው ሲደርቅ ነው። ገና በመጀመሪያው እጅ ላንጣው ብሎ የሚያወፍር ሰው በሳምንቱ እንደ ዱቄት ሲራገፍ ያየዋል። የፕላስቲክ ቀለም በጭቃ ላይ እንደ ሲሚንቶው እርጥበቱን ይዘጋል።

ምስጥ ካለ ቋሚው ላይ የሚወጡትን የጭቃ መንገዶች ተከታተሉና አፍርሱ፤ የበሰበሰውን የቋሚ ግርጌ ቆርጣችሁ በድንጋይ ላይ አስቀምጡት። የተቃጠለ ዘይት መቀባት የተለመደ ነው፣ ነገር ግን በልስኑ ውስጥ ወጥቶ ቡናማ ነጠብጣብ ስለሚሠራ ማሳያው ክፍል ውስጥ አይሆንም።

መስኮትና ብርሃን

ከውጭ አገር የመጡ የሥዕል መጻሕፍት ስቱዲዮ ወደ ሰሜን ይከፈት፣ በዚያ በኩል ፀሐይ አይገባም ይላሉ። ይህ ለአውሮፓ እውነት ነው። ጎንደር ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 12.6 ዲግሪ ላይ ስለሆነች፣ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀን 6 ሰዓት ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምትቆመው። ጠዋትና ማታ ደግሞ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ ከሰሜን አዘንብላ ትወጣለች፣ ወደ ሰሜን አዘንብላ ትገባለች። ሰማዩ ገና ያልደመነባቸው ሚያዝያና ግንቦት ዋና ችግር ናቸው፤ የሰሜኑ መስኮት ያኔ በሸራው ላይ ስለት የመሰለ የፀሐይ ጨረር ይጥላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። የሰሜኑ መስኮት አሁንም ከሁሉ ይሻላል፣ ከመስከረም እስከ መጋቢት ቀጥተኛ ፀሐይ አይነካውም። ለቀሩት ወራት ቁመቱ 1.5 ሜትር ለሆነ መስኮት ከላዩ 40 ሳንቲሜትር የሚወጣ ጥላ የቀትሩን ፀሐይ ይከለክላል፤ ለጠዋቱና ለማታው በመስኮቱ ሁለት ጎን፣ ከውጭ፣ 40 ሳንቲሜትር ወርድ ያለው ጣውላ አቁሙ። ደቡብ ላይ ግን በታኅሣሥ ቀትር ፀሐይዋ ዝቅ ስለምትል ለዚያው መስኮት ከአንድ ሜትር በላይ ጥላ ያስፈልጋል፤ ደቡቡን ለበረንዳ ተዉት።

ለ20 ካሬ ሜትር ስቱዲዮ 5 ካሬ ሜትር ያህል ብርሃን የሚገባበት ቦታ ጥሩ ነው። ያን ሁሉ ከግድግዳ መክፈት ቤቱን ያፈርሳል። 1.2 በ1.5 ሜትር የሆነ አንድ የሰሜን መስኮት ክፈቱና የቀረውን ከጣሪያ አምጡ፦ 0.8 በ2 ሜትር የሆኑ ሁለት ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ቆርቆሮዎች በሰሜኑ ተዳፋት ላይ። ሲገዛ የድሮውን ቆርቆሮ ቁራጭ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሞገዱ ካልገጠመ በመጋጠሚያው ያፈስሳል። ከሥሩ በ40 ሳንቲሜትር ርቀት ነጭ አቡጀዲ ወጥሩ፣ ብርሃኑ ያኔ ለስላሳና እኩል ሆኖ ይወርዳል። አቡጀዲው ለማጠብ የሚወልቅ ይሁን።

ግድግዳ ሲከፈት፦ በእንጨት ቤት ቋሚ አይቆረጥም፣ መስኮቱ በሁለት ቋሚዎች መካከል ይገባል። በድንጋይ ቤት ክፍተቱ ከ1.2 ሜትር አይስፋ፣ ከቤቱ ማዕዘንም ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ። ጣሪያው በወፍራም ባሕር ዛፍ ከተደገፈ በኋላ መጀመሪያ ጉበኑ፣ ማለትም ከመስኮቱ በላይ ሸክሙን የሚይዘው አግዳሚ፣ ይገባል፣ ድንጋዩ ከሥሩ የሚወጣው ቀጥሎ ነው። ጉበኑ በየጎኑ 30 ሳንቲሜትር በግድግዳው ላይ ይረፍ።

የትኛው ክፍል ለምን

ማሳያውን ምድር ቤት፣ ስቱዲዮውን ፎቅ አድርጉ። አንድ ሠዓሊ ከሸራውና ከማስቀመጫው ጋር ለጣውላ ወለል ሸክም አይደለም። በመክፈቻ ቀን አንድ ሥዕል ፊት የሚሰበሰቡ 20 ሰዎች ግን 1,400 ኪሎ ያህል ናቸው፣ ያውም በአንድ ጥግ። ቅርጻ ቅርጽና የኅትመት መጭመቂያም እንዲሁ ታች ይሁኑ።

ቡና ከማሳያው ውጭ፣ በረንዳ ላይ ይፈላ። የከሰሉ ጭስ በተዘጋ ክፍል ሰው ይገድላል፤ የዕጣኑ ጭስ ደግሞ በሸራው ላይ እየተጣበቀ ከዓመት ዓመት ቀለሙን ያጠቁራል።

መብራትና መስቀያ

የድሮውን ሽቦ ሙሉ በሙሉ አውጡ። ለመብራት 1.5፣ ለሶኬት 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ፣ እያንዳንዱ በራሱ 10 እና 16 አምፔር ብሬከር። ሽቦው በቱቦ ውስጥ ሆኖ በግድግዳው ላይ ይሂድ፤ ጭቃ ግድግዳን መቦርቦር ቋሚና ማገሩን ያላላል። የመሬት መስመር እንዳይረሳ።

አምፖል ስትመርጡ ካርቶኑ ላይ ሲ.አር.አይ. (CRI) የሚለው፣ ማለትም አምፖሉ ቀለምን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚለካው ቁጥር፣ ከ90 በላይ ይሁን። ካልተጻፈ በዓይን ፈትኑ፦ ቀይ የበዛበትን ሥዕል መጀመሪያ በር ላይ በቀን ብርሃን፣ ቀጥሎ በአምፖሉ ሥር እዩት። ቀዩ ወደ ቡናማ ከሄደ አምፖሉ አይሆንም። ለብራና፣ ለወረቀትና ለጥልፍ ብርሃኑ ከ50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) አይለፍ፤ ለዘይትና ለአክሪሊክ እስከ 200 ይበቃል። የአምፖሉ ርቀት ከግድግዳው ሲለካ የኮርኒሱን ከፍታ ከሥዕሉ መሀል ከፍታ ቀንሱና በ0.58 አባዙት፦ ኮርኒሱ 2.8፣ የሥዕሉ መሀል 1.5 ሜትር ቢሆን፣ 0.75 ሜትር ይሆናል። በዚህ ማዕዘን ብርሃኑ ተመልካቹ ዓይን ላይ አይመለስም፣ የፍሬሙም ጥላ አይረዝምም።

መብራት ሲጠፋ ማሳያው እንዳይጨልም፣ 7 ዋት የሆኑ 15 አምፖሎች 105 ዋት ናቸው፤ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ ግማሹ ብቻ ቢጠቀሙበት ከኢንቨርተሩ ጋር አምስት ሰዓት ያህል ይይዛቸዋል። ባትሪውን ከግማሽ በታች ማውረድ ዕድሜውን ያሳጥራል።

ሥዕል በጭቃ ግድግዳ ላይ በሚስማር አይሰቀልም፤ ዛሬ ይይዛል፣ በክረምት ይወድቃል። 5 በ7 ሳንቲሜትር የሆነ ሞራሌ (አራት ማዕዘን ሆኖ የተሰነጠቀ እንጨት) በ2.2 ሜትር ከፍታ ግድግዳውን ዞሮ ቋሚዎቹ ላይ በብሎን ይታሠር። ቋሚውን በማንኳኳትና በቀጭን ሚስማር በመፈተን ታገኙታላችሁ። በድንጋይ ቤት ሞራሌው ጣሪያው ካረፈበት እንጨት በብረት ይንጠልጠል። ሥዕሉ ከሞራሌው በሽቦ ይወርዳል፤ ሁልጊዜ በሁለት ማንጠልጠያ። በሥዕሉ የታችኛው ጠርዝ ጀርባ ሁለት የእንጨት ቁራጮች ለጥፋችሁ ከግድግዳው 3 ሳንቲሜትር አርቁት፣ አየር ይዙር። የሥዕሉ መሀል ከወለሉ 1.5 ሜትር ላይ ይሁን። ቁመቱ 90 ሳንቲሜትር ሆኖ ሽቦው ከላይኛው ጠርዝ 8 ሳንቲሜትር ዝቅ ብሎ ከታሠረ፣ ማንጠልጠያው 150 ሲደመር 45 ሲቀነስ 8፣ ማለትም 187 ሳንቲሜትር ላይ ይውላል።

እሳት

የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ ማንም ክብሪት ሳይጭርበት ራሱን አሙቆ ይነዳል። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፣ በጥቅሉ መሀል ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ክዳን ባለው የብረት ባልዲ ውስጥ ውኃ አድርጉና ጨርቁን በየማታው እዚያ ክተቱ። የቲነርና የተርፐንታይን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ነው የሚሄደው፤ መስኮት መክፈት ብቻ አይበቃም፣ ከወለሉ 20 ሳንቲሜትር ላይ መውጫ ቀዳዳ በወንፊት ሸፍናችሁ አብጁ። 6 ኪሎ የዱቄት እሳት ማጥፊያ በየፎቁ በሩ አጠገብ ይሰቀል።

የመጀመሪያው ክረምት

ከግንቦት መጨረሻ በፊት አሸንዳውን ጥረጉ፣ የጣሪያውን ሚስማር እንደገና እዩ። በሐምሌ ብራና ይጣመማል፣ ሸራ ይለሰልሳል። ሸራው ሲለሰልስ ሽብልቁን፣ ማለትም በሸራው ፍሬም ማዕዘን ውስጥ ያለውን መወጠሪያ እንጨት፣ መምታት ያጓጓል፤ አትምቱት። በኅዳር አየሩ ሲደርቅ ሸራው ራሱ ይወጠራል፣ በክረምት የተመታው ግን ከልክ በላይ ይወጠርና ቀለሙ ይሰነጠቃል። ሻጋታ የያዘውን ሥዕል ከሌሎቹ ለዩ፣ አየር በሚዘዋወርበት ጥላ ቦታ አድርቁት፣ ከደረቀ በኋላ በለስላሳ ብሩሽ ውጭ ጥረጉት። እርጥብ ሳለ የተጠረገ ሻጋታ ወደ ሸራው ይገባል።

በነሐሴ የላስቲኩን ፈተና በዚያው ግድግዳ ድገሙት። ጠብታው አሁንም ከጀርባ ከታየ፣ ቀለሙን ሳትነኩ ወደ ቦዩ ተመለሱ።